የጤፍ ብረትና የተመራማሪው ቁጥር

በመስቃን አውድማ ላይ ጤፍ በበሬ ሲበራይ ከኮቴው ሥር የሚደቀው ነዶው ብቻ አይደለም፤ አፈሩም አብሮ ይደቃል። ያ አፈር ከፍሬው ጋር ተቀላቅሎ ጎተራ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ያለው ብረት በአንዳንድ ጥናቶች 10 ሚሊግራም አካባቢ፣ በሌሎች ደግሞ ከ150 በላይ ሆኖ የተመዘገበበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ነገሩን አጣርቶ፣ ከፍተኛው ቁጥር በአብዛኛው ከአፈር የመጣ መሆኑን አሳየ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትልልቆቹ ቁጥሮች ግን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው መሸጋገራቸውን አላቆሙም።

ስለ እንስሳት እርባታና ስለ ምግብ የሚጽፉ ተመራማሪዎች የሚመዘኑት በዚሁ መሸጋገር ነው፦ ጽሑፋቸው በሌሎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? በዚህ መለኪያ ዙሪያ ብዙ የተሳሳተ እምነት አለ።

ተረት፦ ብዙ የተጠቀሰ ጥናት ትክክል ነው።

እውነታው፦ የጥቅስ ብዛት የሚናገረው ጽሑፉ መነጋገሪያ መሆኑን ብቻ ነው። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የ1998ቱ የላንሴት ጆርናል ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ ሆኖም እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። ከጠቀሱት ብዙዎቹ የጠቀሱት ስህተቱን ለማሳየት ነበር። ቆጣሪው ግን ምስጋናውንም ትችቱንም እኩል አንድ ብሎ ይመዘግባል።

ወደ ጤፉ ብረት ስንመለስ፣ ነገሩን እንደገና ያጤነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ካሌብ ባዬ በ2014 ባወጣው የግምገማ ጽሑፍ የብረቱ መጠን ለምን እንደሚለያይ አብራርቷል። መጠኑ ብቻም አይበቃም። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ብረቱን አስሮ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ሊጡን በእርሾ ማቡካት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በአንጻሩ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ክትፎ በሚሊግራም ከጤፍ ቢያንስም፣ ካለው ብረት ላይ ሰውነት የሚወስደው ድርሻ ይበልጣል።

ተረት፦ «ላም ያለው ቤት ልጁ አይቀጭጭም» ተብሎ ተረጋግጧል።

እውነታው፦ ተመራማሪዎቹ ሆዲኖት፣ ሄዲና መክድም ደረጀ በ2015 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ገጠር ጥናት፣ ላም ባላቸው ቤቶች ልጆች ወተት በብዛት እንደሚጠጡና መቀጨጭም እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ሆኖም ገበያ በቀረበበት ቦታ የላም ባለቤት መሆን የሚያመጣው ልዩነት ይጠባል፤ ላም የሌለውም ወተት ገዝቶ ማጠጣት ይችላላና። በ2016 ደግሞ ሄዲና ሂርቮነን ዶሮ ማርባት ከልጆች የተሻለ እድገት ጋር እንደሚያያዝ፣ ዶሮዎቹን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር ግን ከተቃራኒው ጋር እንደሚያያዝ ጻፉ። ጥናት ሲጠቀስ «ግን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ዋናውን ጽሑፍ ያላነበበ ጠቃሽ ይዞ የሚሄደው ግማሹን ነው።

ተረት፦ ኤች-ኢንዴክሱ ከፍ ያለው ተመራማሪ ይበልጣል።

እውነታው፦ ይህን መለኪያ በ2005 ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። ኤች 15 ማለት ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 15 ጊዜ የተጠቀሱ 15 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ኖሮት 3,000 ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ኤች 1 ነው። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ያድጋል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ ለጀማሪ አይመችም። ከዚህም በላይ ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ሪፖርቶችን ጭምር ስለሚቆጥር፣ የአንድ ሰው ኤች እዚያ ብዙውን ጊዜ ዌብ ኦፍ ሳይንስ በተባለው የመረጃ ቋት ካለው ከፍ ይላል።

ተረት፦ በአገር ውስጥ ጆርናል የወጣ ከቁጥር አይገባም።

እውነታው፦ መልሱ ቡታጅራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1987 የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመሩ። በዘጠኝ ገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት በየቤቱ ይመዘገብ ነበር። ፕሮግራሙን የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ የማነ ብርሃኔና ባልደረቦቹ በ1999 ያሳተሙት በኢትዮጵያ የጤና ልማት ጆርናል ነው። ከዚያ ወዲህ ቡታጅራ ላይ ያጠኑ ብዙዎች፣ ቦታውን ለማስተዋወቅ ሲፈልጉ የሚጠቅሱት ያንኑ ነው። የስድስትና የ12 ወር ሕፃናትን የምግብ እጥረት የመዘነው የ2010ሩ ጥናትም ርዕሱ ላይ «ቡታጅራ» ብሎ በዓለም አቀፉ ቢኤምሲ ፐብሊክ ሄልዝ ጆርናል ወጥቷል።

ተረት፦ ኮምፒውተሩ ሲቆጥር አይሳሳትም።

እውነታው፦ የመረጃ ቋቶቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ዓለም ነው። አበበ ከበደ አንድ ጆርናል ላይ «ከበደ አ.»፣ ሌላው ላይ «አበበ ከ.» ሆኖ ይወጣል። የአባቱ ስም ከበደ የሆነ ሌላ ተመራማሪም አብሮ ይደባለቃል። «ፀ»ን አንዱ በቲ-ኤስ፣ ሌላው በቲ-ዜድ ሲጽፈው ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ጥቅሱም ለሁለት ይከፈላል። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በ2012 ኦርኪድ የተባለ 16 አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ሥራ ጀመረ። ምዝገባው ነፃ ነው። ከዚያ በፊት የታተሙትን፣ እንደ 1980ው የጤፍ ጽሑፍ ያሉትን ግን ባለቤቱ ራሱ አንድ በአንድ ለቅሞ በመለያው ሥር ማስገባት ይኖርበታል።