መጋዘን አስቀድሞ በወረቀት ይሠራል
ስለ ፕሮጀክት አመራርና ስለ ሥራ መሪዎች የሙያ ምስክር ወረቀት

የድሬ ዳዋ ነጋዴ ንግዱን ጠንቅቆ ያውቃል። ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ መቼ እንደሚነሣ፣ ቀረጡ ስንት እንደሚሆን፣ ከደንበኞቹም ዱቤ ቢሰጡት የሚከፍለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ መጋዘን ላሠራ፣ አዲስ ሱቅ ልክፈት ወይም የቡና ማበጠሪያ መኪና ላስተክል ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ በዕለት ንግዱ ላይ የሚያሳየውን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ይህም የሚሆንበት ምክንያት ሁለቱ ሥራዎች በባሕርያቸው የተለያዩ መሆናቸውን ካለማስተዋል ነው።

የዕለት ንግድ ዛሬ እንደ ትናንት፣ ነገም እንደ ዛሬ የሚቀጥል ሥራ ስለሆነ፣ ዛሬ የተሳሳተውን ነገ ማረም ይቻላል። ፕሮጀክት የሚባለው ግን የታወቀ መጀመሪያና የታወቀ መጨረሻ ያለው፣ በዚያው መልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። አስቀድሞ መጥኖ ያልደቆሰ በኋላ ድስት ጥዶ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ስሕተት የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ለዚህ ነገር ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም፤ ከተማችን ራስዋ ከአንድ ታላቅ ፕሮጀክት የተወለደች ናትና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የምድር ባቡሩ መንገድ በሦስት ክፍል ተለይቶ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ መንገዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ሥር በደረሰ ጊዜ በዚያ ስፍራ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ እርስዋም ዛሬ የምንኖርባት ድሬ ዳዋ ናት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በመጀመሪያ፣ የተጠናና ባለሥልጣኑ የተቀበለው የዕቅድ ለውጥ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ለእኛ ከተማ አስገኝቶልናል። በሁለተኛ ደረጃ ግን፣ መንገዱ ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ የኩባንያው ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በአዲስ ውል አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከድሬ ዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጅቷል። መንገድን ለውጦ ግብ መድረስ ይቻላል፤ ገንዘብን ሳይመጥኑ መነሣት ግን ከመንገድ ያስቀራል።

እንግዲህ የፕሮጀክት አመራር ዋና ዋና መሠረቶች የትኞቹ ናቸው ቢባል፣ ለነጋዴ በሚጠቅመው መጠን እንደሚከተለው ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዓላማውና ወሰኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። «መጋዘን ላሠራ» ማለት ምኞት ነው። «ይህን ያህል ኩንታል የሚይዝ፣ ትልቅ መኪና ገብቶ የሚያራግፍበት፣ ከክረምት በፊት የሚጠናቀቅ መጋዘን» ማለት ግን ዓላማ ነው። በሥራው ውስጥ የሚገባው ብቻ ሳይሆን የማይገባውም ይጻፍ። አጥሩ፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩ፣ የዘበኛው ቤት በዋጋው ውስጥ አሉ ወይስ የሉም? ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ሁለተኛ፤ ሥራው አንድ ኃላፊ ይኑረው። የባለቤቱ ወንድም ሲሚንቶ እያዘዘ፣ ልጃቸው ከግንበኛው ጋር እየተዋዋለ፣ ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ክፍያ እየከለከለ የሚሠራ ሥራ መልካም ፍጻሜ አያገኝም።

ሦስተኛ፤ ጊዜ፣ ገንዘብና የሥራው ስፋት በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸው ይታወቅ፤ አንዱን የሳበ ሌሎቹን ሳያንቀሳቅስ አይቀርም። በጊዜ ረገድ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ በአሜሪካን አገር ዱፖንት በተባለው ኩባንያ ዘንድ የተሞከረ አንድ ስሌት አለ። ይኸውም ከሥራዎቹ ሰንሰለት ረጅሙን ፈልጎ እርሱን መጠበቅ ነው። ለምሳሌ አዲስ ሱቅ ለመክፈት ከውጭ አገር የሚመጣው መደርደሪያ 90 ቀን፣ ቀለም መቀባቱ 10 ቀን፣ መብራት ማስገባቱ 20 ቀን የሚፈጅ ቢሆንና ሦስቱም ጎን ለጎን የሚሠሩ ቢሆኑ፣ ሱቁ የሚከፈተው ከ90 ቀን በኋላ ነው። ለቀለም ቀቢው የማፋጠኛ ገንዘብ ቢጨመርለት የመክፈቻው ቀን በአንዲት ሰዓት እንኳ አይቀድምም። የባንክ ሰነዱ ዛሬ በመከፈት ፈንታ ከሳምንት በኋላ ቢከፈት ግን መደርደሪያው ይዘገያል፤ ሱቁም በዚያው ልክ ይዘገያል።

አራተኛ፤ አደጋ ሳይመጣ ይታሰብ። ስለዚህ ነገር ለድሬ ዳዋ ሰው ብዙ መናገር አያሻም። ደቻቱ በዓመቱ ውስጥ በአብዛኛው ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት፣ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ ወንዝ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ግን በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት በድንገት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ቤትና ንብረትም ጠረገ። ስለዚህ አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ምን ሊያሰናክለን ይችላል? ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? ኃላፊውስ ማን ነው?» ብሎ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል። የውጭ ምንዛሪ መዘግየት፣ የብረት ዋጋ መናር፣ የክረምት ጎርፍ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ ስፍራ አላቸው።

አምስተኛ፤ ለውጥ በጽሑፍ ካልሆነ አይፈጸም። በዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። በ2011 ዓ.ም. አሠሪዬ 600 ካሬ ሜትር መጋዘን በአምስት ወር ተሠርቶ እንዲያልቅ ከአንድ ተቋራጭ ጋር ተዋዋሉ። መሠረቱ እንደተቆፈረ ጎረቤት የሚሠራውን አይተው፣ «ወደ ኋላ ትንሽ ይጨመርበት» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዕቃ ማራገፊያው መድረክ ከፍ እንዲል፣ ቀጥሎም ሁለተኛ በር እንዲከፈት አዘዙ። ሦስቱም ትእዛዝ ሲሰጥ ደብተሬን ይዤ በስፍራው ነበርሁ። «ጋሼ፣ ይህን ልጻፈውና ይፈራረሙበት?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ምን ያስጽፈዋል?» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ።

መጋዘኑ በአምስት ወር ማለቁ ቀርቶ 11 ወር ፈጀ። በመካከሉ ከጅቡቲ የገባው ሸቀጥ ማረፊያ አጥቶ በኪራይ መጋዘን ተቀመጠ። በመጨረሻም ተቋራጩ የተጨማሪውን ሥራ ዋጋ ሲጠይቅ፣ አሠሪዬ ሁለተኛውን በር ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚሠራ ተነግሮኛል አሉ፤ ተቋራጩም እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ነበርህ፤ ተናገር» አሉኝ። ደብተሬን ብገልጥ የዚያን ዕለት የገባው የአሸዋ ብዛት እንጂ ሌላ አልተጻፈበትም። ሽማግሌዎች ገብተው ክርክር ያስነሣው ገንዘብ እኩል እንዲከፈል ፈረዱ፤ ሁለቱም ሳይደሰቱ ተለያዩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ዋጋውን የተማርሁት ግን በዚያ ዕለት ነው።

ስድስተኛ፤ ፍጻሜውና ርክክቡ በዕቅድ ይያዝ። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር በአዲስ አበባ በኩል የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 15 ወር ያህል አለ። የምረቃ ቀንና ገቢ የሚገኝበት ቀን አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። ነጋዴም ከባንክ ሲበደር የመክፈያውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ያስላ።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ እንምጣ። ይህን ሙያ አጥንተው የተፈተኑ ሰዎች የሚያገኙት በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው ማስረጃ ፒ.ኤም.ፒ. ይባላል። የሚሰጠውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በአሜሪካን አገር የተቋቋመው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ መስጠት የጀመረው በ1984 ነው። ድርጅቱ በ2021 ባሳተመው መመሪያ 12 የአሠራር መርሆችን ደንግጓል፤ ከነዚህም ውስጥ የተሰጠን አደራ በታማኝነት መጠበቅ፣ ለጥራት መትጋት፣ ለለውጥም መዘጋጀት ይገኛሉ።

ለፈተናው የሚቀርብ ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ካለው 36 ወር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ የጨረሰ ከሆነ ደግሞ 60 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ፣ ከዚህም ጋር የ35 ሰዓት ትምህርት ሊኖረው ይገባል። ማስረጃውን ካገኘም በኋላ በየሦስት ዓመቱ 60 የትምህርት ነጥብ አሟልቶ ማሳደስ አለበት። ልምድ ለሌላቸው ወጣቶች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ በ23 ሰዓት ኮርስ የሚፈተኑበት ሌላ የጀማሪዎች ማስረጃ አለ። ስለዚህ በሱቅና በመጋዘን አድገው ዲግሪ ላልያዙ የሥራ ሰዎችም በሩ ያልተዘጋ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ብቻውን መጋዘን አይሠራም። ማስረጃ ያለው ሰው ለመቅጠር የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር ያድርግ። ማስረጃው እውነተኛና ያልተቃጠለ መሆኑን ከሰጪው ድርጅት መዝገብ ያረጋግጥ። ከዚያም አመልካቹ መርቶ የፈጸመውን አንድ ሥራ በመጀመሪያ ከተመደበው ገንዘብና በመጨረሻ ከወጣው ጋር አስተያይቶ እንዲያስረዳ ይጠይቀው። ሦስተኛም፣ የተበላሸበትን አንድ ሥራ እንዲነግረው ይጠይቀው፤ «ምንም ተበላሽቶብኝ አያውቅም» የሚል ሰው ወይ ብዙ አልሠራም፣ ወይ ብዙ አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በትሕትና ለመናገር ይፈቀድልኝና፣ ዕቅድን ከማንም አብልጦ የሚያፈርሰው ራሱ ባለቤቱ ነው። የተመሰከረለት ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ፣ እርሱ ሳያውቅ ለግንበኛው በቃል ትእዛዝ የሚሰጥ ባለቤት ደመወዙን በከንቱ ይከፍላል። ገንዘቡ የባለቤቱ ስለሆነ ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው፤ ነገር ግን ለውጡ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚያስከትል ተነግሮት፣ አውቆ ይፈርም።

አሠሪዬ ዛሬ በጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወፍራም መዝገብ አላቸው። በያዝነው ሥራ ላይ አንዳች ለውጥ ባሰቡ ቁጥር ራሳቸው ይጠሩኝና «ና ጻፍ» ይሉኛል። ጽፌ፣ ዋጋውንና ቀኑን አስልቼ ሳቀርብላቸው፣ ግማሹን ጊዜ «ይቅር፣ እንደ ነበረው ይሁን» ብለው ይመልሱልኛል። መዝገቡ የተገዛው ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ባነሰ ዋጋ ነው።