የወረቀቱን የአየር ፊልትሮ አትናቁት

ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ ይመስለናል እንጂ ዋናው ቀለቡ አየር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በአግባቡ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 11 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ወደ 12 ሺህ ሊትር ይጠጋል። አርባ ሊትር የሞላ ሰው ነዳጁን እስኪጨርስ ድረስ ሞተሩ ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ገደማ አየር ስቧል ማለት ነው። ያ ሁሉ አየር፣ በበጋ የሚነሳውን የፒስታ መንገድ አቧራና ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያስነሳውን ብናኝ እንደተሸከመ፣ በአንድ እጥፍጥፍ ወረቀት ውስጥ ያልፋል። በመኪናው ውስጥ ከሚለወጡ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ ክብር አይሰጠውም። ብዙ ባለመኪና ሊያስብበት የሚጀምረው አንድ ሰው «ይህን ጣለውና የሚታጠበውን ግጠም፤ ዕድሜ ልክህን ትገላገላለህ፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል» ሲለው ነው። እኔ ግን በአገራችን መንገድ ለሚነዳ ተራ መኪና ምክሩ ትክክል ነው አልልም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ የሚታጠበውን ፊልትሮ በሚገባው ክብር እናንሳው። በስፋት የሚታወቀው ኬ ኤንድ ኤን የተባለው ነው፤ ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ በ1969 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ ከተማ ውስጥ የመሠረቱት ኩባንያ ምርት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጎዝ የሚባለው ስስ የጥጥ ጨርቅ በበርካታ ድርብ ተደርቦ፣ በሁለት የሽቦ መረብ መካከል ታጥፎ፣ በልዩ ዘይት ይረሳል። አቧራውን የሚይዘው ጥጡና ዘይቱ ተባብረው ነው። ሲቆሽሽ በማጽጃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ዘይት ይቀባል። ሞተሩ በየጊዜው ተፈትቶ ለሚታደስ የእሽቅድምድም መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ጥሩ መሣሪያ ነው። እዚያ ከአሥር ዓመት ዕድሜ ይልቅ የዛሬዋ ሰከንድ ትበልጣለች። የእኛ ቪትዝና ኮሮላ የሚፈለግባቸው ግን ሌላ ነው።

ብዙው ስህተት የሚጀምረው ፊልትሮን እንደ ወንፊት ከማየት ነው። ወንፊት ቀዳዳውን የሚበልጠውን ያስቀራል፣ የሚያንሰውን ያሳልፋል። የአየር ፊልትሮ እንዲህ አይሠራም። በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከሚይዛቸው ብናኞች ከብዙዎቹ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ ይይዛቸዋል። አየሩ በጭረቶቹ ዙሪያ ሲጠማዘዝ ከበድ ያለው ብናኝ መታጠፍ ያቅተውና ይላተማል፤ ቀለል ያለው ከአየሩ ጋር ታጥፎ ሲያልፍ ጎኑ ጭረቱን ከነካ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ እጅግ የደቀቀው ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች እየተገፋ ወዲያ ወዲህ ሲል ከአንዱ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የተያዘው አቧራ ራሱ ለሚመጣው አቧራ መያዣ ይሆናል። ስለዚህ የወረቀት ፊልትሮ በማጣራት ደካማ የሚሆነው ገና ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ነው፤ ጥቂት አቧራ ከለበሰ በኋላ ከአዲሱ የበለጠ ያጣራል። አይኤስኦ 5011 በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊልትሮ መፈተኛ ደንብ የመነሻ ብቃትና እስከ መጨረሻው የተደመረ ብቃት ተለያይተው የሚለኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፊልትሮውን አውጥቶ ግራጫ ሆኖ ሲያየው «አልቋል» ይላል፤ ወይም ደግሞ፣ ይሄ ይብሳል፣ ላቫጆ ሲገባ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። እባካችሁ ይህን ልማድ ተዉ። የኮምፕሬሰር አየር የሚጠቅመውን የአቧራ ሽፋን አራግፎ ብቻ አያበቃም፤ ጭረቶቹን እየገፋ ዓይን የማያያትን ቀዳዳ ይከፍታል። ፊልትሮው ነጣ ብሎ ስለወጣ የታደሰ ይመስላል፤ ሞተሩ የሚቀበለው አቧራ ግን ጨምሯል። ስለሚታጠበው ፊልትሮ የማነሳው የመጀመሪያ ቅሬታም ይኸው ነው፤ በታጠበ ቁጥር የለበሰውን አቧራ ያጣና ወደ መነሻው፣ ወደ ደካማው ቀኑ ይመለሳል።

ሁለተኛው ነገር የመቶኛ ስሌት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚታለልበት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፊልትሮ 99.5 በመቶ፣ ሌላው 97 በመቶ ያጣራል ቢባል ሁለቱም ጎበዞች ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ሁለት ተኩል ብቻ ነው። ነገር ግን ሞተሩን የሚጎዳው የተያዘው አቧራ ሳይሆን ያመለጠው ነው። መቶ ግራም አቧራ ቢመጣ የመጀመሪያው ግማሽ ግራም ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ሦስት ግራም። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ፊልትሮ ስትመርጡ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ አትጠይቁ፤ ከመቶ ስንት እንደሚያመልጠው ጠይቁ። ያመለጠው አቧራ ደግሞ ተራ ቆሻሻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ በማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይገኛል፣ የሲሊንደሩንም ብረት ይጭራል። ይበልጥ የሚያሰጋው በዓይን የሚታየው ጠጠር ሳይሆን ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ እንደሆነ አስቡ። ይህ ብናኝ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ባለችው ስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ይሞርዳል። ከዚያ ከዘይቱ ጋር ወደ ታች ወርዶ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል። መኪናው በዚያ ቀን ምንም አይሆንም፤ ከዓመታት በኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ያኔ ጥፋቱ በዘይቱ፣ በነዳጁ ወይም በመካኒኩ ይሳበባል፤ ፊልትሮውን የሚጠረጥር አይገኝም። «ስንት ሰው ገጥሞት ምንም አልሆነም» ለሚለው ክርክር የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የአቧራ ጉዳት ዘግይቶ ስለሚታይ የገጠመው ሰው ምስክርነት ብዙ አያስረዳም። በዚያ ላይ ምስክሮቹ አብዛኞቹ አስፋልት ለአስፋልት የሚነዱ ናቸው።

የወረቀቱ ሌላ ብልጫ የቆዳ ስፋቱ ነው። አንድ ፊልትሮ 50 እጥፋት፣ እያንዳንዱ እጥፋት 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ የእያንዳንዱ እጥፋት ሁለቱም ፊት ተቆጥሮ ሲዘረጋ ግማሽ ካሬ ሜትር ይሆናል። የጥጡ ጨርቅ ወፍራም ስለሆነ በዚያው ፍሬም ውስጥ የሚገባው እጥፋት ጥቂት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ መቁጠር ይበቃል።

አሁን ወደ ጉልበቱና ወደ ነዳጁ እንምጣ፤ የሽያጩ ዋና ማባበያ እነሱ ናቸውና። በቤንዚን መኪና ውስጥ ሹፌሩ በእግሩ የሚያዘው የአየሩን በር፣ ማለትም ስሮትሉን ነው። በከተማ ስንነዳ ይህ በር በአብዛኛው ገርበብ ያለ ነው፤ አየሩን የሚያፍነው እሱ እንጂ ፊልትሮው አይደለም። ፊልትሮው ትንሽ ቢያፍን ሹፌሩ ሳያውቀው በሩን ትንሽ ይከፍታል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን የሚመጥነው በገባው አየር ልክ ነው። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በኢንጄክሽን በሚሠሩ መኪኖች ላይ በጣም የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ የነዳጅ ፍጆታን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጨመረም፤ የቀነሰው የመፈትለክ ጉልበትን ነው። የተደፈነው ይህን ያህል ካላባከነ፣ ንጹሕ ወረቀትን በጥጥ መተካት ምን ሊቆጥብ ይችላል? እንደ ድሮው ዲኤክስ በካርቡሬተር የሚሠሩት ሲደፈኑ ነዳጅ ሊያበዙ ይችላሉ፤ የእነሱም መድኃኒት አዲስ ወረቀት ነው። ጉልበትን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። ከፍታው ብቻውን 25 ኪሎ ፓስካል ወስዶብናል። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ሲስብ እንኳ የሚወስደው ከ1 ወይም ከ2 ኪሎ ፓስካል ብዙ አይበልጥም። ግማሹን ብናስመልስ ትርፉ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ለዚያውም ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ። «ልዩነቱ ይሰማኛል» የሚል ሰው አይዋሽም፤ የሚሰማው ግን በአብዛኛው ድምፁ ነው። የፊልትሮውን ቤት አውልቆ በሾጣጣ ፊልትሮ የሚተካማ ከነጭራሹ ይከስራል፤ ከሞተሩ ክፍል የሚሳበው አየር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ከክብደቱ ከመቶ ሦስት ያህል ያጣል።

ማጠቡም እንደሚወራው አይቀልም። በልዩ ማጽጃ ይዘፈዘፋል፣ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይለቀለቃል፣ ያለ ኮምፕሬሰርና ያለ እሳት በራሱ ጊዜ ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይቱ በልኩ ይቀባል። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ከፊልትሮው ቀጥሎ ባለው የአየር መለኪያ ሴንሰር የጋለ ሽቦ ላይ ሊያርፍና ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። አምራቾቹ በትክክል የተቀባ ፊልትሮ ሴንሰር አያበላሽም ይላሉ፤ እቀበላለሁ። ችግሩ «በትክክል» የሚለው ላይ ነው፤ ልዩ ዘይቱ ጠፍቶ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው አይጠፋም።

«በቮልሱ ጊዜ ፊልትሮው የዘይት ገንዳ አልነበር? ስንት ዓመት አገለገለ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘይት ገንዳው ሞተሩ በዝግታ ሲስብ ደቃቁን አቧራ በደንብ አይዝም ነበር፤ ወረቀት የተተካበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ወረቀት ራሱ ኮፒ ነው» የሚለው። ትክክል ነው፤ ጠርዙ የማይገጥም መናኛ ወረቀት ከሚገጠም በእንክብካቤ የተያዘ ጥሩ ጥጥ ሊሻል ይችላል። ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ካልገጠመ አየሩ በፊልትሮው ሳይሆን በጎኑ ያልፋል፤ ያኔ የፊልትሮው ዓይነት ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ለስላሳና ያልተቆራረጠ፣ እጥፋቱ እኩል፣ ልኩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የወጪውን ነገር ካነሳን ደግሞ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ዛሬ በእጃችን ያለውን ሞተር መተካት እንደ በፊቱ አይደለም። በፊልትሮ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ከአንድ የሞተር እድሳት ጋር አይወዳደርም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በፒስታ መንገድ የምትነዱ ከሆነ ጥሩ ወረቀት ግጠሙ፣ የመኪናው መመሪያ ባዘዘው ጊዜ ለውጡት፣ አታስነፉት። የሚታጠበውን ቀድማችሁ ከገጠማችሁት ደግሞ ዛሬውኑ ሞተሩን አጥፍታችሁ የፊልትሮውን ቤት ክፈቱ፤ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ፣ ሴንሰሩን ሳትነኩ፣ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ደቃቅ አቧራ ከወጣ ፊልትሮውን አውጡት።