ባዶ ቻናል ፈላጊው ሬዲዮ

ከደንበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ጅጋ ትገኛለች። እዚያ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ጣሪያ ላይ የሚታየው በአብዛኛው የሳተላይት ዲሽ ነው። ለምድር ቴሌቪዥን ስርጭት ግን ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል፣ እያንዳንዳቸው 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ያላቸው 28 ቻናሎች ይገባሉ። ማሰራጫ ጣቢያ በማይበዛበት ገጠር ብዙዎቹ ምንም ሳይተላለፍባቸው ይውላሉ፣ ያድራሉ። በዚያው አገር ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጣ ሰው አለ። ይህ ያስቆጨኛል፤ ሞገድ ለነገ አይቀመጥም።

ኮግኒቲቭ ሬዲዮ የሚባለው ስልት ይህን ባዶ ቦታ ፈልጎ ይጠቀምበታል። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ሚቶላ ነው። ደንቡን የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል፦ አዝመራው ከተነሳ በኋላ የሰፈሩ ከብት ማሳው ላይ ይሰማራል፤ የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ለባለቤቱ ይለቀቃል። እዚህ ባለቤቱ ፈቃድ ያለው ጣቢያ ነው።

ከባዱ ሥራ ማዳመጡ ነው። ቀላሉ ዘዴ በቻናሉ ላይ ያለውን ኃይል ለክቶ ከተወሰነ ልክ ካለፈ «ተይዟል» ማለት ነው። የሩቅ ጣቢያ ሞገድ ግን ተዳክሞ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ በሚፈጥረው ጫጫታ ይዋጣል። ስለዚህ የተሻለው መሣሪያ በቴሌቪዥን ሞገድ ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣውን ቋሚ ምልክት ፈልጎ ይለያል። መሬቱም ያታልላል። ብር በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያለ መሣሪያ፣ ተረተር ጋርዶት ጣቢያውን ሳይሰማ «ባዶ ነው» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ ከፍታ ላይ ያለ ተመልካች ምስል ይበላሽበታል። መፍትሔው የተለያየ ቦታ ያሉ መሣሪያዎች የሰሙትን ተለዋውጠው በጋራ መወሰናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለገጠር የወጣው 802.22 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ መሣሪያው የባለቤቱን መምጣት በ2 ሰከንድ ውስጥ እንዲለይ ይጠይቃል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ቦታውን የሚያውቅና የባዶ ቻናሎችን መዝገብ የሚጠይቅ መሣሪያ ማዳመጡን እንዲተው ፈቀደች። ኬንያ ውስጥ ናንዩኪ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2013 በባዶ የቴሌቪዥን ቻናል ኢንተርኔት ተሞከረ። መዝገቡ አስተማማኝ ነው፤ ይሁንና የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው፣ ገጠሩን የቸገረውም እሱው ነው። ለኛ ማዳመጡም ያስፈልጋል እላለሁ።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ፍሪኩዌንሲን የማስተዳደር ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለባለሥልጣኑ ከቡሬ እስከ ደንበጫ፣ ሸለቆውም ተረተሩም ላይ፣ ቀንና ሌሊት ቻናሎቹን መለካት መነሻ ይሆናል።