በሬዲዮ ስለሚነገር የዝናብና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

በመተማና በገዳሪፍ ወሰን የሚኖር ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩን አይቶ ወንዝ ይሻገራል፤ ነገር ግን የሰማይ መጥራት ለወንዝ ዋስ አይሆንም። የጓንግ ወንዝ ከጐንደር በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከደጋው ይነሣና በሱዳን ምድር አትባራ ተብሎ ይፈሳል። በደጋ የጣለው ዝናብ፥ ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ፥ ከብት በሚያሻግረው ሰው ላይ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ይደርሳል። ስለዚህ የአየር ጠባይ ወሬ በሬዲዮ ሲነገር የገዳሪፍን ብቻ ሳይሆን የጐንደርንም ማዳመጥ ይገባል። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፈው ድምፅ ሌሊት ከቀን ይልቅ ርቆ ይሰማል፤ መብረቅ ሲቀርብ ሬዲዮው መንጫጫቱም ብልሽት ሳይሆን ምልክት ነው። በዐውሎ ነፋስ ጊዜ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የባትሪ ድንጋይ አስቀድሞ ማኖር ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውን የሰማም ሬዲዮ ለሌለው ጎረቤቱ ሳይነጋ ያድርስ።