ጓሯችንን ያለ መርዝ እናልማ

(በሬዲዮ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ የቀረበ)



የዛሬው ርዕሳችን ከማድ ቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ያለ መርዝ እንዴት እናሳድግ?

አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዲህ ይህን ያህል ምንዳ ያለበትን ተክል፣ የሚበላውን ሰው በሚጎዳ ነገር ረጭተን ማዕድ ላይ ማቅረብ ተገቢ ነውን?

መርዙ የት ይሄዳል?

ጎመኑ ላይ ትል ሲታይ ብዙዎቻችን ወደ ገበያ እንሮጣለን። አንዳንዱ ሻጭ ከትልቅ ዕቃ ቀንሶ በውሃ ፕላስቲክ ይሰጠናል። በዋናው ዕቃ ላይ የተጻፈው መመሪያ ግን አብሮ አይመጣም። በስንት ውሃ ይበጠበጣል? ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም ይቆይ? ይህን ሳናውቅ ዛሬ እንረጫለን፤ ነገ ቀንጥሰን እንቀቅላለን።

ማላታይዮን፣ ዳያዚኖንና ዳይሜቶኤት የሚባሉት መድኃኒቶች ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቭን የሚያረጋጋውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ይኸው ኢንዛይም በእኛም በልጆቻችንም ሰውነት ውስጥ አለ። «አጥቤ እበላዋለሁ» የሚል ይኖራል። ማጠብ ላይ ላዩን ያለውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን እንደ ዳይሜቶኤት ያለው ወደ ተክሉ ፈሳሽ ዘልቆ ስለሚገባ በውሃ አይወጣም።

ዲዲቲንም እናንሳ። በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ በሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በእናት ጡት ወተትም ወደ ሕፃን ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ስቶክሆልም ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በስተቀር ጥቅም ላይ እንዳይውል ገድቦታል። ለጓሮ አትክልት የሚሆን ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ መርዝ ነው፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። መርዝ የነካው ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ዓይኑ ካነባ፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡለት፤ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ከዚያም የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ወተትም መፍትሔ አይሆነውም።

በመጀመሪያ አፈሩን እንመግብ

ዩሪያ ከልክ በላይ የተሰጠው ጎመን ቅጠሉ ለስላሳና ውሃማ ይሆናል፤ ክሽክሽም የሚወደው ይህንኑ ነው። በብስባሽ (ኮምፖስት) የዳበረ አፈር ግን ተክሉን ቀስ እያለ ይመግበዋል፤ ውሃም ይይዛል።

ብስባሽ ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። ጥላ ባለበት ቦታ ገለባና ደረቅ ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ። በላዩ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ አረምና ፍግ ጨምሩ፤ ስስ አፈር አልብሱት። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ከምሩት። መጠኑ ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ ይሁን። ለዒድ አል-አድሓ ከታረደው በግ የወጣውም ፈርስ መንገድ ላይ ከሚጣል እዚህ ቢገባ ይጠቅማል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ግን ውሻና አይጥ ስለሚጠሩ አይግቡ።

እርጥበቱን ለማወቅ በእጃችሁ ጨምቁት፤ ርሶ የማይንጠባጠብ ከሆነ ደህና ነው። መሐሉ ላይ እንጨት ሰክታችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ስትነቅሉት ከሞቀ ሥራውን ጀምሯል። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ገለባ ጨምራችሁ አገላብጡት። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ብታገላብጡት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮ፣ ዝናብ እንደነካው አፈር መሽተት ይጀምራል።

«ፍግ ነጃሳ አይደለምን?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። በርካታ ዑለማኦች ለማዳበሪያነት እንዲውል ፈቅደዋል፤ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉትን ዑለማኦች ጠይቁ። በጤና በኩል ግን ያልበሰበሰ ፍግ ጀርም አለበት፤ ትኩስ የዶሮ ኩስም ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ በደንብ ሳይበሰብስ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ አይሰጥ።

ተባይን በምን እንከላከል?

በየጠዋቱ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ከሁሉ ይቀድማል። እንቁላሉን በጣት መጨፍለቅ፣ ትሉን መልቀም ለትንሽ ጓሮ ይበቃል፤ ልጆችም ደስ ብሏቸው ይሠሩታል።

ለክሽክሽ፦ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ክሽክሹ ላይ በቀጥታ እርጩ። ሳሙናው የላይ ሽፋኑን ያፈርስበታል። አስቀድማችሁ በሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩ፤ ፀሐይ ስትበርድ እርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም።

ለትል፦ ኒም በሚበቅልባቸው እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች 50 ግራም የተፈጨ የኒም ፍሬ በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ በጨርቅ አጥላችሁ እርጩ። ትሉን ወዲያው አይገድለውም፤ መብላቱንና ማደጉን ግን ያቆመዋል።

ለቆራጭ ትልና ለቀንድ አውጣ፦ በችግኙ ዙሪያ ደረቅ አመድ በትኑ፤ ዝናብ ካጠበው ድገሙት። ከበዛ ግን አፈሩን ያበላሻል።

ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን የአንድ ቤተሰብ ናቸውና በአንድ መደብ ላይ አታከታትሏቸው፤ የአንዱ በሽታ ሌላውን ይጠብቀዋል። ጎመንም ጎመንን አይከተል። በመካከል አደንጓሬ ወይም ባቄላ ብትዘሩ ሥራቸው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂን ከአየር ይሰበስባሉ።

ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ ስታዩ አትግደሏት፤ ክሽክሽ በላተኛ ናት። መርዝ የሚረጭ ሰው እሷንና ንቡን አብሮ ይጨርሳል፤ ክሽክሹም ጠላት አልባ ሆኖ ይመለሳል።

የተፈጥሮ ሁሉ ደህና ነው አትበሉ

ትምባሆ ዘፍዝፈው የሚረጩ አሉ። ኒኮቲን ራሱ ብርቱ መርዝ ነው፤ በትምባሆው ላይ ያለ ቫይረስም ወደ ቲማቲም ይተላለፋል። የሚጥሚጣ ውሃም ዓይን ያቃጥላል፤ ሕፃናት በሌሉበት፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ እርጩ።

ውድ አድማጮች! ቦታ የለንም አትበሉ። አናቱ የተቆረጠና ታችኛው የተበሳ ጀሪካን ለቃሪያ ይበቃል። የውዱእ ውሃም ሳሙና የለበትምና ወደ መደቡ ቢፈስ መልካም ነው። ነገር ግን መርዝ ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን በምንም መልኩ አትጠቀሙ። ቅጠል ላይ የምታዩት አንድ ሁለት ቀዳዳም አያሳስባችሁ፤ ትል የቀመሰው ጎመን ከተመረዘው ይሻላል። ሲደርስም ከመጀመሪያው ለቀማ ለጎረቤት ማቅመስን አትርሱ።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና ጤናማ ያድርግልን፤ አሚን።