ሐንዘል፦ ሐብሐብ የሚመስለው የበረሃ ሐረግ

በአል ኸቢሲ የምትሠሩ እህቶች፣ የብርዱ ወራት ሲገባ አሠሪዎች ልጆቹንና እናንተን ይዘው ከአል ዐይን ወጣ በማለት አሸዋ ላይ ድንኳን መትከላቸው የተለመደ ነው። በዚያ ሳላችሁ መሬት ለመሬት የተንሰራፋ ሐረግ፣ በላዩም ብርቱካን የሚያህል ዝንጉርጉር አረንጓዴ ፍሬ አይታችሁ ይሆናል። ዓረቦቹ ሐንዘል ይሉታል።

ትንሽ ሐብሐብ የሚመስለው ያለ ነገር አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቅጠሉ እንደ ሐብሐብ ሻካራና የተሰነጣጠቀ፣ አበባውም ቢጫ ነው። ሐብሐብ ግን አንድ ጊዜ አፍርቶ ይደርቃል፤ ሐንዘል ዓመት ከዓመት ይኖራል። ወፍራም ሥሩ ጠልቆ ስለሚገባ ላዩ በድርቅ ቢከስም እንደገና ያቆጠቁጣል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ቅጠሉ ነው። ብዙ የበረሃ ተክል ውኃውን ቆጥቦ ሲይዝ፣ ሐንዘል በጠራራ ፀሐይ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ እያተነነ፣ እኛ በላብ እንደምንቀዘቅዝ ራሱን ያቀዘቅዛል። ሐረጉ ከተቆረጠ ግን ቅጠሉ ሙቀቱን አይችለውም።

ፍሬው ሲበስል እንደ እምቧይ ቢጫ ይሆናል፤ ሲደርቅም ነፋስ እያንከባለለ ዘሩን ይበትንለታል። ምሬቱ ኮሶን ያስንቃል። በደዊኖች በችግር ጊዜ ዘሩን ብቻ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ደጋግመው አጥበውና ቀቅለው ይበሉት ነበር፤ ይህ ግን ሙያ ይጠይቃል።

በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4፣ በረሃብ ዘመን ከሜዳ ተለቅሞ የነቢዩ ኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት ምንቸት ውስጥ የተጨመረው የዱር ቅል ሐንዘል ሳይሆን እንዳልቀረ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ለቅሞ ያመጣው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አላወቀውም እንጂ።

እኛም ኮሶ ጠጥተን ስላደግን መራራ ሁሉ መድኃኒት ይመስለናል። በእርግጥ ሐንዘል ከጥንት ጀምሮ ለሆድ ማጠቢያ ይሰጥ ነበር። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ግን አንጀትን አቁስሎ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል። ነፍሰ ጡር ብትወስደው ጽንሱን ሊያስወርድ፣ ለራሷም ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ ለሆድ ድርቀትም ሆነ ለሰው ለማትነግሩት ጭንቀት፣ የምትወዳችሁ ጓደኛ እንኳ ብታቀብላችሁ አትቀበሉ። ወስዳ የታመመች እህት ካለች ሳታፍር ትናገር፤ የአምቡላንስ ስልክ 998 ነው። የተረፈውን ፍሬ ይዛ ብትሄድ ለሐኪሙ ይረዳዋል።

ልጆቹ ፍሬውን ኳስ አድርገው ሲጫወቱበት ካገኛችኋቸውም፣ እጃቸውን ወደ አፍና ወደ ዓይን ሳይወስዱ በሳሙና አሳጥቧቸው።