ከጓሮ ጀርባ ያለው ጭምት አደን

ገና አልነጋም። በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ከአንድ ሰፈር ጓሮዎች ጀርባ ባለች ጠባብ ጫካ ውስጥ፣ አንድ ሰው ዛፍ ላይ ተቀምጧል። ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ወገቡና ትከሻው በመታጠቂያ ከግንዱ ጋር ታስረዋል። ከአጥሩ ማዶ የአንድ ቤት የማድ ቤት መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ መንገዱ ላይ ቆሞ ሲነሳ ተሰማ። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ጉልበቱ ላይ ያጋደመው ጠመንጃ አይደለም፤ ደጋን ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ትናንት ማታ የጎረቤቱን ጽጌረዳ ቀንጥሶ የበላውን አጋዘን ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርች፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ይህን እንስሳ በደንብ ያውቀዋል። ማታ ከሥራ ሲመለስ በመኪናው መብራት ፊት ድንገት ቆሞ ያፈጠጠበት፣ ለፋሲካ ይደርሳል ብሎ የተከለውን ጎመን በአንድ ሌሊት የጨረሰበት እሱ ነው። ከጓሮው ጀርባ በሕግ የሚካሄደውን አደን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ሰምተን የምናውቅም ብንሆን ሕገወጥ ነገር ይመስለናል። እንተዋወቀው።

ከእንስሳው እንጀምር። አጋዘን የሚለው ስም አገር ቤት ያለው፣ ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘና ዕድሜውን ሙሉ የማይወልቀው እንስሳ መጠሪያ ነው። የአሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን ከዚያ የተለየ ዘር ነው። ወንዱ ቅርንጫፍ የሚያወጣውን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ በምትኩ አዲስ ያበቅላል። ሲደነግጥ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ያነሳና ከሥሩ ያለውን ነጭ ፀጉር እያውለበለበ ይሸሻል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሴቷ በኅዳር አካባቢ ተጠቅታ፣ ሁለት መቶ ቀን ያህል ቆይታ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ትወልዳለች። ጠገብ ብላ የከረመች ሴት አብዛኛውን ጊዜ መንታ ነው የምትወልደው።

ዛሬ በየጓሮው የሚታየው ይህ እንስሳ ከመቶ ዓመት በፊት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሥጋውና ቆዳው በገበያ ስለሚሸጥ ያለ ገደብ ይታደን ነበርና፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በመላው አሜሪካ የቀረው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ እንደነበር ይገመታል። ያዳነው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገወጥ መንገድ የተገደለ የዱር እንስሳን ከግዛት ወደ ግዛት መነገድ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ማገገሚያ እንዲውል ተወሰነ፤ በ1970ዎቹ ደጋንና ቀስትም በቀረጡ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ዛሬ ዛፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀስቱን ሲገዛ ለእንስሳው ጥበቃ የበኩሉን ከፍሏል። ቁጥሩ አሁን በመላ አገሪቱ ሠላሳ ሚሊዮን አካባቢ ይገመታል።

ይህ ቁጥር በሰፈሮች አካባቢ ለምን ከመጠን አለፈ? አጋዘን ጥቅጥቅ ካለ ደን ይልቅ የጫካ ዳርቻ ይወዳል፤ የከተማ ዳርቻ ሰፈር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳርቻ ነው። ጥግ ጥጉን ቁጥቋጦ፣ መሐሉን የተኮተኮተ አትክልት፣ ውኃም በየቦታው። ድሮ ይበሉት የነበሩት ተኩላና የተራራ አንበሳ ከአካባቢው ከጠፉ ቆይተዋል። ጠመንጃ በሰፈር መካከል አይተኮስም። እንስሳው ጠላት የሌለበት የተዘረጋ ማዕድ አገኘ ማለት ነው።

ጉዳቱን መጀመሪያ የሚያየው ጫካው ነው። አንድ አጋዘን በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ቅጠልና ቡቃያ ይበላል። መንጋው ሲበዛ የነገው ዛፍ የሚሆነው የኦክም ሆነ ሌላ ማንኛውም ለስላሳ ችግኝ ከጉልበት በላይ ሳያድግ ይበላል፤ ጫካው ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ባዶ ይሆናል፤ በቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችም ቦታ ያጣሉ። ሁለተኛው መዥገር ነው። የላይም በሽታን የምታስተላልፈው ጥቁር እግሯ መዥገር ባክቴሪያውን በዋናነት የምትወስደው ከአይጥ ነው፤ ካደገች በኋላ ግን ደም ጠጥታ እንቁላል ለመጣል የምትመርጠው አጋዘንን ነው። ሦስተኛው መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በፌርፋክስ መኪና ከአጋዘን ጋር ተጋጭቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው ካውንቲው የአጋዘን ቁጥጥር መርሐ ግብር ያቋቋመው።

በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዛሬ ቀስት ነው። ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የጠመንጃ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ቀስት የሚወረወረው ከሃያ ሜትር ገደማ ሲሆን አዳኙ ዛፍ ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሳተም አለፈም መጨረሻው አፈር ነው። ድምፅ የለውም፤ ሕፃን አይቀሰቅስም፤ ውሻ አያስጮህም። ካውንቲው እንደሚገልጸው፣ ግዛቲቱ የአደን አደጋዎችን መመዝገብ ከጀመረችበት እ.ኤ.አ. ከ1959 ወዲህ፣ አጋዘን በሚያድን ቀስተኛ የተጎዳ አንድም መንገደኛ በቨርጂኒያ አልተመዘገበም። ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠው አዳኙ ራሱ ነው፤ ከዛፍ መውደቅ አለና። መታጠቂያው ለዚህ ነው።

ደጋኑን ጠጋ ብለን እንየው። እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉበት የነበረውን ደጋን የሚያስታውስ ሰው ዋናውን ነገር ያውቃል፤ የታጠፈ እንጨት፣ የተወጠረ ጅማት። የዛሬው የአደን ደጋን ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሞላላ መዘውሮች አሉት። ይህን የፈለሰፈው ሆሊስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ጥበቡ እንዲህ ነው፤ አውታሩ ሲሳብ መጀመሪያ ሠላሳ ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ መዘውሮቹ ዞረው ሲያልቁ ክብደቱ በድንገት ይቀላል፤ እስከ ጥግ የሳበው ሰው በእጁ የሚይዘው ስድስት ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል። ክንዱ ሳይንቀጠቀጥ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጠው መጠበቅ የሚችለው በዚህ ነው። የቀስቱ ጫፍ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ጥይት በምቱ ኃይል ይገድላል፤ ቀስት ግን ደም ሥር በመቁረጥ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ የደነዘ ቀስት ይዞ መውጣት ጭካኔ ነው። የቨርጂኒያ ሕግም የጫፉ ስፋት ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሩብ አካባቢ እንዲሆን፣ ደጋኑም ቀስቱን 125 ያርድ መወርወር እንዲችል ያዛል።

ርቀቱ ለምን አጠረ? ፈጣን ቀስት በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምፅ 340 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የአውታሩን ንዝረት አጋዘኑ የሚሰማው ቀስቱ ሳይደርስበት ነው። ከአሥራ ስምንት ሜትር ሲወረወር ቀስቱ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ይደርሳል፤ እንስሳው ለመንቀሳቀስ ጊዜ የለውም። ከዚያ እጥፍ ርቀት ሲወረወር ግን ለመሮጥ ጎንበስ ይላልና፣ ለሳንባው የታለመው ቀስት ጀርባው ላይ ያርፋል። ጥሩ አዳኝ እንስሳው ጠጋ ካላለ፣ ጎኑን ካልሰጠ፣ ደጋኑን መልሶ ያወርዳል። ብዙውን ቀን ባዶ እጁን ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

የዚህ አደን አከርካሪ ግን ፈቃድ ነው። ፈቃዱም ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የመንግሥት ነው። በቨርጂኒያ አዲስ አዳኝ የአደን ደህንነት ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት። ከዚያ መሠረታዊውን የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘኑን ፈቃድና የቀስቱን ፈቃድ ያወጣል። የሚታደነው ከፀሐይ መውጫ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከመጥለቂያዋ ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ግዛቲቱ በፈቀደችላቸው ከተሞች የሚካሄደው የከተማ የቀስት አደን ወቅት የሚፈቅደው ቀንድ የሌላቸውን ብቻ ነው፤ ቁጥር የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲቀነሱ ነውና። በፌርፋክስ የሕዝብ ፓርኮች ለማደን የሚፈልግ ደግሞ የፖሊስ መምሪያው የሚመራው መርሐ ግብር ውስጥ መግባት፣ የወንጀል ታሪኩን ማስመርመርና ዒላማ መምታት እንደሚችል ማስመስከር አለበት። አደኑ በሚካሄድባቸው ፓርኮች ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብርቱካንማ ማስታወቂያ ይሰቀላል።

ሁለተኛው የባለመሬቱ ነው። ጫካ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ሳይፈቀድለት የገባ ሰው በሕግ ይጠየቃል። ልምድ ያላቸው አዳኞች ይህን የሚጠይቁት በበጋ፣ በቀን፣ በተራ ልብስ በሩን አንኳኩተው ነው። ስማቸውን ይናገራሉ፤ ፈቃዳቸውን ያሳያሉ፤ በየትኛው ዛፍ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚወጡ ይነግራሉ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያደርጉታል። ብዙ የቤት ባለቤቶች እምቢ ይላሉ። እምቢታ በዚህ ሙያ የሚከበር መልስ ነው።

ሦስተኛው የጎረቤት ነው፤ ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። በሳንባው የተመታ አጋዘን ወዲያው አይወድቅም። ሃምሳ፣ መቶ ሜትር ይሮጣል፤ ይህ በገጠር ምንም አይደለም፤ በሰፈር ግን ሁለት አጥር ማለት ነው። አዳኙ ከዛፉ ወዲያው አይወርድም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ቀስቱን ያነሳል። ደሙ ደማቅ ቀይና አረፋ የያዘ ከሆነ ሳንባ ነው፤ ቅርብ ይገኛል። ጠቆር ካለ ጉበት ነው፤ ሰዓታት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የተኛው እንስሳ ተነስቶ ይርቃል። የደሙ ጠብታ በቅጠል ላይ ከሳንቲም ባይበልጥም ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ይከተለዋል። ምልክቱ የጎረቤት አጥር ጋ ከደረሰ ይቆማል። ደጋኑን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ፣ ተመልሶ፣ በሩን ያንኳኳል።

ጭምትነቱም ከዚህ ይመጣል። አገር ቤት አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ አዳኝ በፉከራና በቀረርቶ ነበር የሚገባው፤ ግዳዩ እንዲታይለት ይፈልጋል። የዚህ አዳኝ ክብር ሌላ ነው። ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት ዛፉ ላይ ይወጣል። መኪናውን የሰው ቤት ፊት አያቆምም። እንስሳውን በሸራ ሸፍኖ ነው የሚያወጣው። ሆድ ዕቃውን የልጆች መጫወቻ አጠገብ አይጥልም። የሚያደርገውን ባለመሬቱም መንግሥትም ያውቃሉና የሚደብቀው ነገር የለውም፤ የሚጠነቀቀው ማየት ለማይፈልግ ሰው ነው። ብዙ ጎረቤቶች እንስሳቱን ይወዷቸዋል፤ ስም ያወጡላቸዋል። የእነሱም ስሜት ክብር ይገባዋል።

ሥጋውስ? የዱር ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው፤ መብላትና መስጠት ግን ይቻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው "ሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ" የተባለው ድርጅት አዳኞች የሚለግሱትን አጋዘን በሥጋ ቤት አስከትፎ ለችግረኞች ያደርሳል። በቀስት የተገደለ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ስብርባሪ አይገኝም። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንጎልን የሚበላው የአጋዘን የመመንመን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ታውቆ በ2009 ቨርጂኒያ ደርሷል። ሰውን ስለመያዙ ማስረጃ ባይገኝም፣ የጤና ባለሙያዎች በሽታው ባለበት አካባቢ የተገደለው እንዲመረመር፣ በሽታው የተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራሉ።

ለእኛ ሌላም ጥያቄ አለ፤ በሃይማኖታችን ይበላል ወይ? የአጋዘኑ ዘመድ የሆነው ዋላ በኦሪት ዘዳግም እንዲበሉ ከተፈቀዱት እንስሳት ጋር ተቆጥሯል፤ አጋዘኑም ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። ይሁን እንጂ በስመ አብ ተብሎ ባልታረደ ሥጋ ላይ ሕሊናው የሚቆጨው ብዙ ነው፤ ይህ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነገር ነው። ሙስሊሙ አዳኝ ቀስቱን ሲለቅ ቢስሚላህ የሚልበት ሥርዓት በሃይማኖቱ አለው።

አንባቢ ሆይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ስትነዳ አንድ አጋዘን ከተሻገረ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ሁለተኛው ከኋላው አለ። ፓርክ ውስጥ ብርቱካንማውን ማስታወቂያ ስታይ አትፍራ፤ ከመንገዱ ሳትወጣ፣ ውሻህን በገመድ ይዘህ ሂድ። ሙያው ከሳበህም ደጋን ከመግዛትህ በፊት የደህንነት ትምህርቱን ተመዝገብ፤ ለወራት ዒላማ ላይ ተለማመድ፤ ከዚያ በቀን ብርሃን የባለመሬቱን በር አንኳኳ። እምቢ ካሉህ አመስግነህ ተመለስ።